ጉልበቷ ድኗል ተባለ፣ እሷ ግን ሜዳ መግባት አቃታት

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ እህቴ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። ባለፈው ዓመት ጨዋታ ላይ ዘልላ ስታርፍ የቀኝ ጉልበቷ ኤሲኤል፣ ማለትም ጉልበትን ከውስጥ አጽንቶ የሚይዘው ጅማት፣ ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያም አሥር ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ፊዚዮቴራፒዋን ሠራች። ከአንድ ወር በፊት ሐኪሙ ጉልበትሽ ድኗል፣ መጫወት ትችያለሽ አላት። ቤቱ ሁሉ በደስታ ተሞላ። እሷ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነችብን።

ቅዳሜ ልምምድ ስትገባ ለማየት ሄድኩ። ሜዳው ዳር ቁጭ ብላ የቀኝ ጫማዋን ክር አሰረች፤ ፈታችው፤ መልሳ አሰረችው። አራት ጊዜ። ሲጠሯት ተነሥታ እስከ መስመሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆመችና ዞራ ወደ መልበሻ ክፍል ገባች። ስትወጣ ዓይኖቿ ደም መስለዋል። አሰልጣኟ በሁሉ ፊት ወኔ ከድቶሻል አላት። አሁን ሌሊት እንቅልፍ የላትም፣ ምግቡን ነካ ነካ አድርጋ ትተወዋለች፣ የቡድኗ ልጆች ሲደውሉ ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች።

በእነዚህ አሥር ወራት ጉልበቷ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ፣ ጭኗ ምን ያህል እንደከሳ በየሳምንቱ ተለክቷል። እሷን ግን አንቺስ እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ። ጉዳቱ የጉልበት ብቻ ነው ብለን ተሳስተናል እላለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ካላችሁ፣ ተሳስቼም ከሆነ አርሙኝ። ምን እናድርግ?

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጨመረ

መልሶቹ ስለበዙ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በተራቸው ልተርካቸው። ብዙዎቹ የግል ታሪካቸውን ስላካፈሉ የማንንም ቃል እንዳለ አላሰፈርኩም። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኩት።

መልስ 1 የአንዲት የቀድሞ መረብ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነበር የደረሰኝ። እሷንም የሰበራት የተጎዳችበት ቀን ሳይሆን ፈቃድ ያገኘችበት ቀን እንደነበር ነገረችን። በማገገሚያው ጊዜ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሥራ አለው፤ ዛሬ አምስት ዲግሪ ጨምሮ ማጠፍ፣ ነገ ያለ ምርኩዝ ደረጃ መውጣት። ያንን ባደረገች ቁጥር የሚያጨበጭብላት አታጣም፤ ተጎጂ እስከሆነች ድረስም በብቃቷ የሚመዝናት የለም። ፈቃዱ የመጣ ዕለት ግን ከለላው ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ብትደክም የደከመችው እሷ ራሷ ናት፣ በጉልበቷ ማመካኘት ቀረ። ይህን አንብቤ ተነሣሁና እህቴ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አላንኳኳሁም።

መልስ 2 አጭር የብርታት ምኞት ነው። አመሰግናለሁ።

መልስ 3ን የጻፉት ፊዚዮቴራፒስት ናቸው፤ ለእኔ ብዙ ነገር የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 69 ጥናቶችንና ከ7,500 በላይ ታካሚዎችን ያጠቃለለ ሥራ አነሡ። ከኤሲኤል ቀዶ ሕክምና በኋላ 81 በመቶው ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት ተመልሷል። ከጉዳቱ በፊት ወደነበረበት ደረጃ የተመለሰው ግን 65 በመቶው ነው፤ ወደ ውድድር የተመለሰው ደግሞ 55 በመቶው ብቻ። ጅማቱ ጠንክሮ፣ ጡንቻው ተመልሶ ሳለ ሰውየው የማይመለስበት ብዙ ጊዜ እንዳለ አስረዱ። ፈቃድ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የጭን ጡንቻ ኃይልና በአንድ እግር የመዝለል ርቀት ነው፤ የተጎዳው እግር የጤነኛውን 90 በመቶ ከደረሰ እሰየው ይባላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኤሲኤል-አርኤስአይ የሚባል 12 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ጉልበቱ ይከዳኛል ብሎ መስጋትን፣ ስለ ጉልበቱ ሳያስቡ መጫወት መቻልን፣ እንደገና እጎዳለሁ የሚል ፍርሃትን ጠይቆ ከ0 እስከ 100 ውጤት ይሰጣል። እህቴ ይህ ተሰጥቷት እንደሆነ ጠየቁኝ። ማታ ጠየቅኋት። አይታውም አታውቅም።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ጋለ። ጸሐፊው በወጣትነታቸው እግር ኳስ የተጫወቱ አባት ናቸው። አሰልጣኙ ልክ ነው ባይ ናቸው፤ በእሳቸው ዘመን ጉልበት በፋሻ ተጠቅልሎ በአምስተኛው ወር ጨዋታ ይገባ ነበር፣ የዛሬ ልጆች ግን ለእያንዳንዱ ስሜታቸው የሕመም ስም ይፈልጋሉ። እኔም ማባበሉን ትቼ፣ ወንድም ከሆንኩ እጇን ይዤ ሜዳ እንዳስገባት መከሩኝ።

መልስ 5 የአንዲት ነርስ ነው፤ ቁጣዋን አልደበቀችም። በዚያ ዘመን ሁሉም ተመልሶ የተጫወተ የሚመስላቸው፣ ዝም ብለው ከሜዳ የጠፉትን የቆጠረ ስለሌለ እንደሆነ ጻፈችላቸው። ያ በፋሻ ሲጠቀለል የኖረ ጉልበታቸው ዛሬ እንዴት እንደሆነም ጠየቀቻቸው።

በመልስ 6 ፊዚዮቴራፒስቱ ተመልሰው ነገሩን ለማብረድ ሞከሩ፤ አምስት ወር የሚለውን ግን ሳያርሙ አላለፉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠኑ በ51 በመቶ ይቀንሳል። እጇን ይዞ ማስገባት ለሚለው ምክርም መልስ ነበራቸው። ሰው በጭንቀት ተወጥሮ ሲጫወት ጡንቻው ይገተራል፣ የዓይኑ ትኩረት ይጠብባል፣ ከጎን የሚመጣውን አያይም፤ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፖርት ሥነ ልቦና ሰዎች ጭንቀትን ራሱን የጉዳት መንስኤ አድርገው የሚያዩት ለዚህ ነው። ፈርታ የቆመችን ልጅ ገፍቶ ማስገባት ሌላኛውንም ጉልበት ለጉዳት አሳልፎ መስጠት ነው ማለታቸው ነበር።

መልስ 7 ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የረጅም ርቀት ሯጭ የነበረች ልጅ በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ የቅልጥም አጥንቷ ከልምምድ ብዛት ተሰነጠቀ። ብዙ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣች የሮጠች ልጅ ናት፤ ከተጎዳች በኋላም በዚያው ሰዓት ትነቃለች፣ ግን የምትሄድበት የለም። ጫማዋን አልጋ ሥር አስገብታ ጣሪያ ላይ አፍጥጣ ታነጋለች። ክፍል ውስጥ ራስሽን አስተዋውቂ ስትባል ሯጭ ነኝ ልበል ወይስ ሯጭ ነበርኩ በሚለው ላይ ምላሷ ተያዘ። ለዚህ ነገር ስም እንዳለው ያወቀችው ኋላ ነው። አትሌታዊ ማንነት ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 መለኪያ ተዘጋጅቶለታል። ማንነቱን ሁሉ በስፖርቱ ላይ ያኖረ ሰው ስፖርቱ ሲቆም የሚወድቀው ከሌላው ጠልቆ ነው።

ከዚያ ወደ ምግቡ አለፈች። ካልሮጥኩ እወፍራለሁ ብላ መብላት ቀነሰች። አጥንቷ አልጠግን አለ፤ የወር አበባዋም ቆመ። ሰውነት ለሥራውና ለጥገናው የሚበቃ ምግብ ሲያጣ የሚመጣውን ይህን ችግር የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ሬድ-ኤስ ብለው ሰይመውታል። እህቴ ምግብ የምትነካካው በሐዘን ብቻ ነው ብዬ እንዳልዘናጋ አስጠነቀቀችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ያሰብኩት ሐዘኑን ብቻ ነበር።

መልስ 8 እህቴ ከአምስቱ የሐዘን ደረጃዎች በአንዱ ላይ እንዳለች፣ ክህደቱና ቁጣው አልፎ አሁን ድባቴው ላይ እንደደረሰች፣ የሚቀራት መቀበል ብቻ እንደሆነ በርግጠኝነት ነገረን። መልስ 9፣ የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፣ በትሕትና አረመችው። ያ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሞት ከተቃረባቸው ሕሙማን ጋር ከተደረገ ንግግር ተነሥቶ ነው። የተጎዳ ስፖርተኛ ስሜት በተራ አይሄድም፤ ጠዋት ተስፋ የነበረው ሰው ከሰዓት ሊናደድ፣ ማታ ሊያለቅስ ይችላል። ደረጃ የምትቆጥር ቤተሰብ ቀጣዩ ራሱ ይመጣል ብላ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ የእሷ ስጋት ይህ ነው። እኔም እስማማለሁ፤ ባለፈው ወር ሙሉ ያልፍላታል እያልን ነበር።

በመልስ 10 የእግር ኳስ በረኛ የነበረ ልጅ ጭንቅላቱ ተመትቶ አንጎሉ ከተናወጠ በኋላ ያሳለፈውን ጻፈ። ጀሶ የለው፣ ምርኩዝ የለው፣ ስፌት የለው። ብርሃን ያመዋል፣ ገጽ ማንበብ አይችልም፣ በትንሹ ይበሳጫል፤ ጓደኞቹ ግን ሙሉ ሰው እያዩ ታመመ ማለት ይከብዳቸዋል። በምርኩዝ የሚሄዱትን ይቀና እንደነበር ሳያፍር ተናገረ። መልስ 11 ላይ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አመጣ፤ ኤሲኤል የተበጠሰባቸው ስፖርተኞች አንጎላቸው ከተናወጠባቸው ይልቅ የድባቴ ስሜታቸው የበረታና የረዘመ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ትክክል ነው፤ አቀራረቡ ግን ቅር የሚያሰኝ ነበር። በረኛው በመልስ 12 ሕመሜን በአማካይ ቁጥር ልታሳንሰው ነው ወይ በሚል ስሜት ተቆጣ፤ ክፉ ቃልም ወጣው። ነርሷ መሀል ገብታ ሁለቱንም አስታረቀች። አማካይ ስለ አንድ ሰው አይናገርም አለች፤ በዚያ ላይ ከአንጎል መናወጥ በኋላ የሚመጣ የስሜት መለዋወጥ ከራሱ ከአንጎሉ ጉዳት ሊመነጭ ስለሚችል፣ ሐዘን ነው ተብሎ ሳይታለፍ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

መልስ 14 የመልስ 4ቱ አባት ነው። የነርሷን ጥያቄ አልዘነጉትም። ጉልበታቸው ደረጃ እንደማያስወርዳቸው፣ በሃያ አራት ዓመታቸው እንዳቆሙ፣ ካቆሙም በኋላ አራት ዓመት ሙሉ በሜዳው በኩል ላለማለፍ መንገድ እየዞሩ ይሄዱ እንደነበር ጻፉ። ይህን ለባለቤታቸውም ነግረው አያውቁም። አሰልጣኙን ግን አሁንም አልወቀሱትም፤ ልጅን በሁሉ ፊት መናገሩ ነው ጥፋቱ፣ ለብቻዋ ቢነግራት ኖሮ ልክ ነበር ባይ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ግን የተናገሩትን ለመናገር ምን ያህል እንደከበዳቸው ይገባኛል።

ከመልስ 15 እስከ 17 ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። ሰው ሠራሽ ሣር ነው ወይስ የተፈጥሮው የሚሻለው፣ የትኛው ጫማ ይይዛል፣ የትኛው ያንሸራትታል። ለርዕሳችን የሚጠቅም አንድ ነገር ብቻ ወጣበት። በተመሳሳይ ስፖርት ሴቶች ኤሲኤላቸው የሚበጠሰው ከወንዶች ይበልጥ ብዙ ጊዜ ነው፤ አስተራረፍንና ሚዛንን የሚያስተምር የማሟሟቂያ ልምምድ ግን አደጋውን በግልጽ ይቀንሰዋል። የቡድን አሰልጣኝ የሆናችሁ ይህን ያዙት።

መልስ 18 የመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ጂምናስቲክ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው፤ ትከሻው ሦስት ጊዜ ተሠርቶለት ከእንግዲህ በቃህ ተብሏል። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ስሜትም የለበትም። ለቤተሰቡ ሸክም እንደሆነ፣ ቢተኛና ባይነሣ ለሁሉም እፎይታ እንደሚሆን፣ እኔ ግን ለእህቴ ደግ ወንድም እንደሆንኩ ጻፈ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ አነበብኩት፤ እጄ ቀዘቀዘ። ምን ብዬ እንደምመልስ አላወቅሁም።

ነርሷ ታውቅ ነበር። በመልስ 19 ሳትሽኮረመም ራሱን ሊያጠፋ እያሰበ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቀችው። አብሮት ማን እንዳለ፣ በሩ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን፣ አሁን የሚቀሰቅሰው ሰው ማን እንደሆነም ጠየቀች። አንድ ሰው በዚያው ሌሊት እንዲህ መጠየቅ ሐሳቡን በአእምሮው ይተክልበታል ብሎ ሊገሥጻት ሞከረ። ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ እንዲያውም ብቻውን የተሸከመውን ሰው እንደሚያቀልለው ገልጻ አለፈችው። ለድባቴ መለያ በየቦታው የሚሰጠው ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ዘጠነኛ ጥያቄው ራስን ስለ መጉዳትና ስለ ሞት ሐሳብ የሚጠይቅ እንደሆነም አስታወሰችው። መልስ 20 የመልስ 4ቱ አባት አንድ መስመር ነው፤ ነቅተው እንዳሉና ልጁ እስኪመልስ እንደማይተኙ የሚል።

መልስ 21 የልጁ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ መጣ። የክፍል ጓደኛውን ቀስቅሶ ነግሮታል፤ ጓደኛውም ጫማ ሳያደርግ አስነሥቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዞት ሄዷል፤ የሚጽፈውም እዚያ ተቀምጦ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጽፎልናል። ሳይኮሎጂስት በየሳምንቱ እያየው ነው። እዚህ ውይይት ውስጥ ላላችሁና ዝም ብላችሁ ለምታነቡ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣባችሁ እንደዚህ ልጅ የቅርቡን ሰው ቀስቅሱ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌሊት ነው ብላችሁ አታፍሩ።

ከመልስ 22 በኋላ ሁሉም ቃሉን አለዘበ። የመረብ ኳሷ ልጅ የተጎዳ ተጫዋች ከቡድኑ እንዳይለይ ሥራ ይሰጠው አለች፤ ነጥብ መመዝገብ፣ የጨዋታ ቪዲዮ መቁረጥ፣ አዲስ ልጆችን ማሟሟቅ። ሯጯ አልተቀበለችውም። እሷን የመጨረሻው መስመር ላይ ሰዓት እንድትይዝ አድርገዋት ነበር፤ የጓደኞቿን ሰዓት በጻፈች ቁጥር አንጀቷ ይቆረጥ ነበር። መጠየቅ ነው እንጂ መመደብ አይደለም በሚለው ተስማሙ። መልስ 24 የስኮላርሺፕን ፍርሃት አነሣ፤ ከተጎዳሁ ትምህርቴም ያበቃል የሚል ልጅ ድባቴውን ለአሰልጣኙ አይናገርም። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው የኤንሲኤኤ ትልልቆቹ አምስት ሊጎች እ.ኤ.አ. በ2015 ስኮላርሺፕ በስፖርት ብቃት ምክንያት እንዳይሰረዝ ደንብ ማውጣታቸውን ጠቀሰ። ደንቡን የሚያውቅ ተጫዋች ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

መልስ 25 ለማበረታታት የአሜሪካዊቷን ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የፔጅ በከርስን ስም አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ነሐሴ ኤሲኤሏ ተበጥሶ ሙሉ የውድድር ዘመን አምልጧት፣ በ2025 ከዩኮን (ከኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ጋር የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆነች። መልስ 26 በሌላ ታሪክ መለሰለት። የኤንቢኤው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዴሪክ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ሚያዝያ ኤሲኤሉ ተበጠሰ፤ በ2013 መጋቢት ሐኪሞች ፈቀዱለት፤ እሱ ግን ዝግጁ አይደለሁም ብሎ የውድድር ዘመኑን ሙሉ አልገባም፤ ብዙ ሰውም ሰደበው። የኮሌጅ ልጅ የማን ታሪክ ቢነገረው እንደሚጠቅመው ተከራከሩ። ለእህቴ ሁለቱንም ነገርኳት። የሮዝን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

እኛ ጋ የደረሰበትን ልንገራችሁ። በመልስ 7 ሰሞን በሩን አንኳኳሁ። ስለ ጨዋታው ምንም አላልኳትም፤ አንቺስ እንዴት ነሽ ብቻ ነው ያልኩት። ዝም አለች፣ ከዚያ የነገረችኝ ያልጠበቅሁትን ነው። የምትፈራው ሕመሙን አይደለም፤ ድምፁን ነው። ጅማቱ ሲበጠስ የሰማችው ቷ የሚል ድምፅ በዘለለች ቁጥር ከማረፏ በፊት ጆሮዋ ውስጥ ይመጣል። አሥር ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስትሰማው ኖራለች፤ የምንስቅባት መስሏት ለማንም አልተናገረችም።

አሁን የኮሌጁ ሳይኮሎጂስትና ፊዚዮቴራፒስቷ አብረው እየሠሩ ነው። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ዝላዩንና አስተራረፉን በሐሳቧ ትሠራለች። ቀጥሎ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ሳጥን ላይ ትወርዳለች፤ ሳጥኑ ከፍ የሚለው እሷ ስትል ነው። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ብቻ፣ ግጭት በሌለበት። ከኤሲኤል-አርኤስአይ መጠይቅ 100 ነጥብ 41 አገኘች። አመጋገቧንም ሐኪም እያየላት ነው። አሰልጣኙ ከሳይኮሎጂስቱ ጋር ተነጋግሯል፤ ይቅርታ ግን እስካሁን አልጠየቃትም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናታችን የዚህን መጠይቅ 12 ጥያቄዎች ራሷ አንብባ መረዳት ትፈልጋለች። በጥንቃቄ ወደ አማርኛ የመለሳቸው ሰው ካለ እዚሁ ያስፍርልን፤ ፊዚዮቴራፒስቱም አይተው ቢያርሙልን።